የላሚ የግራ ጆሮ

ሂንዴ እጇ አያርፍም። በናይጄሪያዋ ዛሪያ ከተማ በየማለዳው የአደንጓሬ ሊጥ በዘይት እየጠበሰች ትሸጣለች፤ አንዱ እስኪበስል አግዳሚውን ትወለውላለች። ሰው ምን ይለኛል የሚሉት በሽታ አለባት። የበኩር ልጇ የላሚ ግራ ጆሮ በመገለ ቁጥር አጥባ፣ ከሱቅ የተገዛ የመድኃኒት እንክብል ፈልቅቃ ዱቄቱን ትነሰንስበታለች። ሠፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ይደርቃል፤ ሰንብቶ ደግሞ ይመግላል።

ሐኪም ቤት የወሰደቻትም እንዳትሸት አጥባ፣ ዱቄቷን ነስንሳ ነው። ከጆሮዋ ከተወሰደው ናሙና ምንም ተህዋስ አልበቀለም።

“የላሚ እናት፣ እንዲህ አጽድተሽው ምኑን ልመርምር?” አለ የላቦራቶሪው ባለሙያ ማላም ኢሮ። “ለሳምንት ምንም ሳታደርጊበት አምጫት። ካልሆነ ጨርሶ መስማት ታቆማለች።”

ያቺ ሳምንት ሂንዴን አቃጠለቻት። ዝንብ የልጅቷ ጆሮ ላይ ሲያርፍ ጨርቅ ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች፤ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ደንበኞቿ የሚያሟት መሆኑን የሰማችው ከጣውንቷ ከዴሉ ነው።

“አግዳሚ የምትወለውዪ ሴት፣ ለልጅሽ ውሃ ጠፋ?” አለቻት ዴሉ።

“ታዝዤ ነው።”

“ቆሻሻ የሚያዝ ሐኪም ደግሞ ከየት መጣ?”

ሂንዴ ጨርቋን አንስታ አግዳሚውን መወልወል ጀመረች። አንድ ቃል ከተነፈሰች እንደምታለቅስ ታውቃለች።

አዲሱ ናሙና ግን በቀለ። ማላም ኢሮ ሳህኑን አሳያት፤ ተህዋሱ እንደ ሻጋታ ተንሰራፍቷል፣ በላዩ መድኃኒት የተነከሩ ክብ ወረቀቶች ተደርድረዋል።

“ይቺኛዋ ያንቺ እንክብል ናት። እይ፣ ተህዋሱ ከነመኖሯም አልቆጠራት፤ እላይዋ ድረስ በቅሏል። ከዚያኛዋ ግን ሸሽቷል፤ ዙሪያዋ ባዶ ነው።”

ሂንዴ ያን ሁሉ ዓመት ስትነሰንስ የኖረችውን አስባ ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች።

ተህዋሱ የሸሸውን መድኃኒት በጠብታ መልክ ወስዳ ለልጇ ጨመረችላት። ጆሮው ደረቀ። የጆሮ ሐኪሟ የልጅቷን መስማት ለመፈተን የላሚን ደህና የቀኝ ጆሮ በመዳፏ ደፈነችና፣ “ከኋላዋ ሆነሽ ቀስ ብለሽ በስሟ ጥሪያት” አለች።

ሂንዴ ድርቅ አለች። የሐውሳ እናት የበኩር ልጇን በስሟ አትጠራም፤ ነውር ነው። ሌላው ሁሉ ላሚ ሲላት፣ እሷ ከተወለደች ጀምሮ “አንቺ” እያለች ነው ያሳደገቻት።

“እሺ እርስዎ ይጥሯት።”

“ያንቺን ድምፅ ነው የምትለየው።”

ወረፋ የያዙት ሴቶች አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ሂንዴ ሻሿን አጠበቀች፣ ፈታች።

“ላሚ” አለች በሹክሹክታ።

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። ሂንዴ ማን ሰማኝ ሳትል ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

“ላሚ።”

ልጅቷ ዞረች፤ አፏን ከፍታ እናቷን አየቻት።

“ስሜን ጠራሽው?” አለች።