የደረቀ ፒታ ድምፅ

ልጄ፣ ቅድም የደረቀውን ፒታ ዳቦ ልትጥዪው ስትሰብሪው ኮሽ አለ። እኔን አያትሽን በዕብራይስጥ «ሳቭታ፣ ፓግ ቶኬፍ፣ ቀኑ አልፎበታል» አልሽኝ። እኔን ግን ድምፁ ጎንደር፣ እናቴ ቤት ወሰደኝ።

እናቴ የተረፈ እንጀራ በፀሐይ አድርቃ ለክረምት በቅል ታስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን ከዚያ ድርቆሽ ሰርቄ ስበላ ኮሽታው አጋለጠኝ።

«አንቺ አይጥ!» አለችኝ።

ልትመታኝ ነው ስል እፍኝ ሙሉ ጨመረችልኝ። «ብዪ፤ እኔና ክረምት እንተዋወቃለን» ብላ ሳቀች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ነሐሴ ላይ ድርቆሹን ለእኛ በወጥ ፈትፍታ ሰጥታን፣ እሷ ውሃ ብቻ ጠጥታ ስትተኛ ነው የገባኝ።

እዚህ ሃይፋ ፍሪጁ ሁሌ ሙሉ ነው። ፒታውን አትጣይው፣ ወጡ ውስጥ ጨምሪውና እንብላው። ምነው እሷን አንዲት ጉርሻ ባጎረስኳት!