በኖርማ በለስ ላይ የተሰቀለው ወጥመድ

ኤርሲሊያ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በወጣትነቷ በፖ ወንዝ ዳር ሩዝ ስታርም ቢምቢ ቢበላትም ግድ አልነበራትም። በስተርጅና በቢምቢ ሰበብ ቅናት ያንገበግበኛል ብላ አላሰበችም።

ኦሬስቴ የሚባል የጤና ቢሮ ሠራተኛ ሙቀቱ ሲጀምር በየሳምንቱ እየመጣ ከኮክ ዛፏ ላይ የቢምቢ ወጥመድ ይሰቅል ነበር። ማታ ሰቅሎ፣ ጧት የሞላውን መረብ ለምርመራ ይወስዳል፤ ዌስት ናይል የሚሉት ትኩሳት በቢምቢው ውስጥ መኖር አለመኖሩ እንዲታይ። ከሰቀለ በኋላ ግን ተቀምጦ በዱባ የተሞላ ፓስታዋን ይበላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሳህን የምታቀርበው ያን ማታ ብቻ ነበር።

ባለፈው ጥር ነፋስ ኮኩን ጣለው። ሙቀቱ ሲመለስ ኦሬስቴ ወጥመዱን ከአጥሩ ማዶ፣ የባሏ እህት የኖርማ በለስ ላይ ሰቀለው።

ኤርሲሊያ በመስኮት ታያለች። ኖርማ ፀጉሯን ቀለም ተቀብታለች። ሳቋ አጥሩን ተሻግሮ ይሰማል።

“ያረረ ዓሣ እያበላችው ነው የምትስቀው” አለች ለብቻዋ።

በማግሥቱ የዝናብ ውሃ በርሜሏን ክዳን አነሣች። ቢምቢ እኔ ጋ ከበዛ ወጥመዱ በእንጨትም ቢሆን ይተከልልኛል ስትል። ብዙም ሳይቆይ የቢምቢ እጭ በውሃው ውስጥ ይርመሰመስ ጀመር። ጫጩት እንደምትጠብቅ ዶሮ እየሄደች ታየዋለች።

ቢምቢው ግን ክንፍ ሲያወጣ ወደ ኖርማ ሄደ። መረቧ ጢም አለ።

“እንዲህ የሞላ መረብ የትም አላየሁም” ሲል ሰማችው ኦሬስቴን።

ኤርሲሊያ ራቷን ሳትበላ ተኛች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ኦሬስቴ በሯን አንኳኳ። ኖርማ ከኋላው ቆማለች።

“እትዬ ኤርሲሊያ፣ እሳቸው ጋ በተያዘው ቢምቢ ውስጥ በሽታው ተገኝቷል። የሚፈለፈለው በቅርብ ነው፤ ግቢዎን ልይ።”

ኤርሲሊያ የኖርማን ክንድ አየች። በንክሻ ብዛት ቆስሏል።

“አትድከም ልጄ፣ በርሜሉ ውስጥ ነው። ክዳኑን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ፓስታዬን የሚበላልኝ አጣሁ።”

ኖርማ ክንዷን እያከከች፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ለፓስታ ብለሽ ልትገድዪኝ ነበር? ብትነግሪኝ እኮ እሱን እሰድልሽ ነበር። እኔ ዓሣ መጥበስ የት አውቅና” አለች።

“እሱስ አያውቁም” አለ ኦሬስቴ።

በርሜሉን ሦስት ሆነው ደፉት። “ከእንግዲህ እርስዎንም በየሳምንቱ እየመጣሁ ነው የማይዎት” አላት ኤርሲሊያን።

ያን ማታ ኤርሲሊያ ሦስት ሳህን አቀረበች። የኖርማን ግንባር በመዳፏ ዳሰሰች፤ ትኩሳት የለውም። እፎይ አለች። የኖርማን ሳህን ግን ከኦሬስቴ ራቅ አድርጋ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።