«አይታይም» ያልኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ አንድ ባልደረባችን፣ «ሰርቨሩ ትእዛዝ የላከውን ኮምፒውተር ትክክለኛ አድራሻ ባያይ ማን ይጎዳል?» ሲል ሁሉም ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። የተጎዳ ሰው አውቃለሁ፤ እትዬ ዘነበች ይባላሉ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ጅቡቲ ውስጥ የአንድ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። አንዱ ቢሯችን ቡላኦስ ሰፈር፣ ሌላው ወደቡ ላይ ነበር። በዚያ ሐምሌ፣ ከምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አሸዋውን በመስኮት ስንጥቅ እያስገባብን፣ ኮንቴይነር የምንለቅበትን ፕሮግራም ወደ ክላውድ፣ በኢንተርኔት ወደሚከራይ ሰርቨር፣ አዛወርኩት። ሥራውን ለሁለት ሰርቨሮች የሚያከፋፍል ሎድ ባላንሰርም መሃል አስገባሁ። የታዘዝኩት ባላንሰሩ መሃል ቢገባም፣ ሰርቨሩ ትእዛዙን የላከውን ኮምፒውተር የራሱን አድራሻ እንዲያይ አድርጌ እንድሠራው ነበር። የሰርቨሩ መልስ ግን ትእዛዙ በመጣበት መንገድ አልመለስ ብሎ ሦስት ቀን አንገላታኝ። በአራተኛው ቀን አቋራጭ ያዝኩ፤ ከየትኛውም ቢሮ ቢላክ ሁሉም ትእዛዝ በባላንሰሩ አድራሻ እንዲገባ አደረግኩት። ሠራ። አለቃዬ ደስ ብሎት የየመን ዓሣ ከነትኩስ ቂጣው ጋበዘኝ፤ እጅ ያስቆረጥም ነበር።

እትዬ ዘነበች የቡላኦሱ ቢሮ ጸሐፊ ነበሩ፤ ከድሬዳዋ የመጡ፣ ሰውን እምቢ ማለት የማይሆንላቸው ሴት። ከሰዓት በኋላ ጫቱ ከገባ ወዲያ ቢሮ የሚመለሰው ጥቂት ሰው ስለሆነ፣ የጎደለውን ሥራ የምንሞላው በእሳቸው የይለፍ ቃል እየገባን ነበር። ቃሉን የሁለቱም ቢሮ ሰው ያውቀዋል።

አንድ ቀን መድኃኒት የጫነ ኮንቴይነር ለማይገባው መኪና ተለቀቀ፤ በእሳቸው ስም።

«ኧረ እኔ አልነካሁም!» አሉ እትዬ ዘነበች።

አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ። «ከየትኛው ቢሮ ነው የተላከው?»

«አይታይም» አልኩ፤ ለምን እንደማይታይ የጠየቀኝ የለም።

ሰርቨሩ ላይ እውነትም አይታይም። ባላንሰሩ ግን የራሱን መዝገብ ለሰባት ቀን ይይዛል። ብቻዬን ከፍቼ አየሁት፤ ትእዛዙ የመጣው ከወደቡ ቢሮ ነው። እትዬ ዘነበች ደግሞ በዚያን ቀን ከቡላኦስ ንቅንቅ አላሉም። መዝገቡን ባሳይ አቋራጬ ሊጋለጥ ነው። «ነገ እናገራለሁ» እያልኩ ቀናቱን አሳለፍኩ። በስምንተኛው ቀን የዚያ ቀን መዝገብ ጠፍቶ ሳገኘው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል አለኝ።

ተባረሩ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው በድርጅቱ ስም ስለነበር አገሩንም መልቀቅ ነበረባቸው። ሻንጣቸውን የድሬዳዋ አውቶቡስ ላይ ስጭንላቸው ግንባሬን ሳሙኝ።

«ከሁሉም አንተ ብቻ ነህ ያልጠረጠርከኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሥራውን እንደታዘዝኩት አስተካከልኩት። አንድ ጠዋት ብቻ ነው የፈጀብኝ።

አሁንም በየበዓሉ እደውልላቸዋለሁ። ጤናቸውን እጠይቃለሁ፣ እሳቸውም ልጆቼን በየስማቸው እየጠሩ ይመርቁልኛል። እኔም እስኪጨርሱ ጠብቄ «አሜን» እላለሁ።