አርባ አንዱ ፈቃደኞች

ካቦው በየማለዳው እርሻው በር ላይ ቆሞ የሰው ጥፍር ያያል። ሠራተኛው ተሰልፎ ሁለት እጁን ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ካቦው ጎንበስ ብሎ ጣት በጣት ይመለከታል፤ የረዘመ ካገኘ አንገቱ ላይ በክር ያንጠለጠላትን ጥፍር መቁረጫ አውልቆ ይሰጣል። ኮክ ቆዳው ስስ ነው። ጥፍር የነካው ፍሬ የዚያን ዕለት ምንም አይመስልም። በማግስቱ ግን ሳጥኑ ውስጥ ጥቁር ጨረቃ አውጥቶ ይገኛል፤ ነጋዴውም ሳጥኑን በሙሉ ይመልሳል። ስለዚህ ኮክ በመዳፍ ተይዞ፣ በስሱ ተጠምዝዞ ነው የሚለቀመው። ይህን ለማስተማር ሁለት ቀን ይበቃል። እጅ እንዲለምደው ግን ሁለት ወቅት ይፈጃል።

እዚያ በር ላይ መቆም ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፍሬውን የሚለቅሙት ከድንበር ማዶ የሚመጡ የወቅት ሠራተኞች ናቸው፤ ስልሳ ሦስት ሰው፣ አንዳንዴ ሁለት ቢጎድል ሁለት ቢጨምር። ኮኩ ሲበስል በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ ሲያልቅ ይሄዳሉ። የአካባቢው ሰው ልብስ ይሰፋል፣ ጠጉር ያስተካክላል፣ ሱቅ ይከፍታል። መሰላል ላይ ወጥቶ ፍሬ መልቀም የሌላ ሰው ሥራ ነው ብሎ ካሰበ ቆይቷል፤ ይህን አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። እንዲያውም ወቅቱ ሲቃረብ ካቦውን መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ "ዘንድሮ እኔን እንዳትረሳኝ" ይለዋል። ካቦውም "እንዴት ተደርጎ!" ይልና እዚያው ፊቱ ላይ ሰማያዊ ደብተሩን አውጥቶ ስሙን ይጽፋል። ጠያቂው አይመጣም፤ ካቦውም አይጠብቀውም። "ደህና አደርክ" እንደ መባባል ያለ ነገር ነው። ስም መሰረዝ ግን ነውር ነው፤ አንድን ሰው በአደባባይ ሰነፍ ብሎ ከመስደብ አይለይም። የዳቦ ጋጋሪው አማት ከሞቱ ሦስት ዓመት ቢያልፋቸውም፣ ሚስታቸው ቅር እንዳይላቸው ሲባል ስማቸው ከደብተሩ አልወጣም።

አዲሱ ደንብ የመጣው ኮኩ አበባ ላይ ሳለ ነው። ርካሽ ጉልበት ከውጭ እየገባ የአገሬውን ሰው ደመወዝ ያወርዳል የሚለው ክርክር ለዓመታት ሲብላላ ቆይቶ አንድ ቀን ፎርም ሆኖ እርሻው ቢሮ ደረሰ። ከውጭ ሠራተኛ ማስገባት የሚፈቀደው በአካባቢው ፈቃደኛ ሲጠፋ ነው፤ ፈቃደኛ ካለ በስም ይዘርዘር፤ ዝርዝሩም በሠራተኛ ቢሮው ደጃፍ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ይላል። ባለ እርሻው ወጣት ነው፤ እርሻውን ከአባቱ ከወረሰ ገና አራተኛ ዓመቱ። ፎርሙን ለካቦው ሰጠው።

"ጋሼ፣ ሰዉን የምታውቀው አንተ ነህ። አንተ ሙላው፣ እኔ እፈርማለሁ።"

ካቦው ፎርሙን ቤቱ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሚስቱ በትከሻው በኩል አየችውና "ባዶውን መልስላቸው" አለችው። "ማን መጥቶልህ ያውቃል?"

"ይለጠፋል እኮ! ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሄዶ ስሙን ሲያጣው ምን ይለኛል? ፊቱን እንዴት ብዬ አየዋለሁ?"

"ሱሪህን ያሳጠረብህ ጊዜ ፊቱን አይተኸዋል፤ አልሞትክም።"

"አንቺ ቀልጂ።"

ደብተሩ ላይ ካሉት አርባ ሁለት ስሞች እየቀዳ በጥሩ ጽሕፈት ገለበጠ። ሟቹን ብቻ ዘለላቸው፤ እሳቸውንም በልቡ ይቅርታ ጠይቆ። አርባ አንድ ሆኑ። በፎርሙ ግርጌ፣ የተዘረዘሩት ሰዎች ከፈቃዱ ቁጥር ላይ እንደሚቀነሱ የሚገልጽ አንድ መስመር ነበር። ካቦው አንብቦታል። የመንግሥት ወረቀትም እንደ እሱ ደብተር ለወጉ ያህል የሚጻፍ መስሎት አለፈው።

ፈቃዱ የሃያ ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ መጣ።

መጀመሪያ የደወለችለት መሰላል ናት። ስሟ አይደለም፤ ከቁመቷ የተነሳ ሌላው መሰላል ተሸክሞ የሚደርስበትን ቅርንጫፍ እሷ ከመሬት ስለምትደርስበት የወጣላት ነው። ዘጠኝ ወቅት መጥታለች። በዘጠኝ ወቅት ውስጥ ከእሷ ሳጥን አንድም ጥፍር የነካው ፍሬ ወጥቶ አያውቅም። በሚከፈላት ደመወዝ አገሯ ቤት እየሠራች ነው፤ በየሁለት ወቅቱ አንድ ግድግዳ። ባለፈው ዓመት ስትሰናበተው "አራተኛው ቆመ፤ ከእንግዲህ የቀረኝ ጣሪያ ነው። ዝናቡን እስከዚያ ታገሠኝ ብዬዋለሁ" ብላው ነበር።

"ካቦዬ፣ ስሜ የለም አሉኝ" አለች አሁን።

"ሰማሁ እህቴ።"

"በሌላ ስም ገብቶ ይሆን? አንዳንዴ ያሳስቱታል እኮ።"

"አይደለም። ቁጥሩን ቀንሰውታል። መንግሥት ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?"

"እሱስ ልክ ነህ። አንተማ ብትችል በጫንቃህ ተሸክመህም ታመጣኝ ነበር" ብላ ሳቀች።

ካቦው አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ ከጉሮሮው የወጣው ግን ሳል ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከእጁ አላወረደውም። 

ኮኩ በሰለ። ቢሮው ለአርባ አንዱ ሰዎች በየቤታቸው የጥሪ ደብዳቤ ላከ። ልብስ ሰፊው ደብዳቤውን እያውለበለበ ካቦው ቤት ድረስ መጣ።

"ማን ጻፈኝ?"

"አንተው ነህ ጻፈኝ ያልከኝ።"

"ለወጉ ነዋ! ሃያ ዓመት ሙሉ ለወጉ ስል ኖሬ ዛሬ እውነት ታደርገዋለህ?"

ባለ እርሻው ደመወዙን በግማሽ ጨመረ፤ የሚመጣ ሲጠፋ እጥፍ አደረገው። ያኔ ሰባት ሰው መጣ፤ ልብስ ሰፊውም አንዱ ነበር። በር ላይ እጁን ሲዘረጋ የአውራ ጣቱ ጥፍር ወጥቶ ታየ። ጨርቅ የሚያጥፍበት ጥፍር ነው።

"ይሄ መቆረጥ አለበት" አለው ካቦው።

"በል ተው! የእንጀራዬ መሣሪያ ነው። አንተን መቁረጫህን ጣል ብልህ ትጥላለህ?"

ካቦው ሰልፉን ቀና ብሎ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ይመልሰው ነበር፤ ጎረቤቱን ግን ከድንበር ማዶ በመጡት ሃያ ሁለት ሰዎች ፊት መመለስ አልሆነለትም። አሳለፈው። በማግስቱ አሥራ አራት ሳጥን ጥቁር ጨረቃ አውጥቶ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ከሰባቱ አንድም አልመጣም፤ አንዱ ወገቡን፣ አንዱ አክስቱን፣ አንዱ ሙቀቱን ምክንያት አደረገ።

ከማዶ የመጡት ሃያ ሁለቱ ግን ሥራቸው ላይ ቆዩ። ለአገሬው የተጨመረው ደመወዝ ለእኛም ይገባናል ብለው ጠየቁ፤ ባለ እርሻውም ምርጫ አልነበረውምና ጨመረላቸው። እዚያ እርሻ ላይ በዚያ ልክ ተከፍሎ አያውቅም። አንደኛው፣ ጥርሰ ፍንጭቱ፣ "ይህን ደንብ ያወጣውን ሰው ዕድሜ ይስጠው፤ ወንድሜን አገር ቤት አስቀርቶ የእሱን ደመወዝ ለኔ ሰጠኝ" አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። የስልሳ ሦስት ሰው ዛፍ ለሃያ ሁለት ሰው ሲደርስ ግን ደመወዝ ቢጨመርም ጉልበት አይበቃም። ፍሬው ከላይኛው ማሳ እየረገፈ ከዛፍ ሥር ይፈላ ጀመር። ካቦው በረድፎቹ መካከል ሲሄድ ጫማው ሥር እየተጨፈለቀ ይንሸራተትበታል፤ ተርብ ይከበዋል። ሽታው ልብሱ ላይ ተጣብቆ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። ሚስቱ ልብሱን በሁለት ጣቷ አንስታ ውኃ ውስጥ ትከተዋለች።

አንድ ቀን ባለ እርሻው ከሠራተኛ ቢሮው የመጣ ደብዳቤ ይዞ ረድፉ ድረስ ወረደ።

"ጋሼ፣ ቢሮው 'አርባ አንድ ሰው አላችሁ፣ ምን ሆናችሁ?' ይለኛል። እነዚህ ጎረቤቶችህ ቃል ገብተው ነው የካዱህ አይደል?"

ካቦው የወደቀ ፍሬ በጫማው ጫፍ ወደ ዛፉ ሥር ገፋ። "ሰው እንዲህ ነው" አለ።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ሊመልሰው ፈለገ፤ ባለ እርሻው ግን ደብዳቤውን እጁ ላይ ትቶለት ሄዶ ነበር። በዚያው ሳምንት ባለ እርሻው የመልቀሚያ ከረጢቶቹን ስፌት ከልብስ ሰፊው ነጥቆ ለሌላ ሰጠ። ያ ሥራ የልብስ ሰፊውን ቤት ግማሽ ዓመት የሚያቆም ነበር። ልብስ ሰፊው ካቦውን ሱቁ ደጃፍ አስቆመው። ያስቆመው ሊጣላ እንዳልሆነ ያስታውቅ ነበር፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

"አንተ ታውቃለህ እኮ። ማንም እንደማይመጣ ታውቅ ነበር። አንድ ቃል ብትነግረው ምን ነበረበት?"

ካቦው "እነግረዋለሁ" አለ። አልነገረውም። ሦስት ቀን በሌላ መንገድ ዞሮ ቤቱ ገባ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት የኖረበትን ሰፈር እንደ ሌባ በጓሮ በኩል።

የታችኛው ማሳ ኮክ ዘግይቶ የሚደርስ ዓይነት ነው፤ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። የቢሮው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ፣ ዝርዝሩ ስህተት ከሆነ የሞላው ሰው ቀርቦ በፊርማው ካስተካከለ ለቀሪው ምርት ተጨማሪ ፈቃድ ሊታይ እንደሚችል ይገልጻል። ማስተካከያው በዚያው ሰሌዳ ላይ አሥር ቀን ይለጠፋል። ካቦው ይህንን ለሚስቱ አነበበላት።

"ስሜ ሊለጠፍ ነው" አላት።

"የእነሱ ሲለጠፍ አልከበደህም።"

"እሱ ለክብራቸው ነበር።"

"ያቺ ረጅሟስ? እሷን ከሰው አልቆጠርካትም?"

 በማግስቱ ያለችውን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ቢሮው ሄደ። ፎርም የምትቀበለው ወጣት ወረቀቱን በመስኮቱ ሥር አሾለከችለት። የስህተቱ ምክንያት ከሚለው ሥር ሦስት ሳጥን አለ፤ የአጻጻፍ ስህተት፣ የሠራተኛ መታመም፣ የአድራሻ ለውጥ።

"የእኔ ከእነዚህ ውስጥ የለም" አላት።

"ምንድን ነው ታዲያ አባባ?"

"ይሉኝታ።"

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው፤ የሚቀልድባት መስሏት ነበር። እንዳልቀለደ ስታይ እስክሪብቶዋን አቀበለችው። "ከታች ባዶ ቦታ አለ። በአጭሩ ይጻፉ።"

ካቦው እንዲህ ብሎ ጻፈ። "አርባ አንዱ ሰዎች ለሥራ አልጠየቁኝም። እንደማይመጡ እያወቅሁ ስማቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።" ፈረመ። ከኋላው ተራ ይጠብቅ የነበረው የሰፈሩ ጠጉር አስተካካይ በትከሻው በኩል አንብቦታል። ካቦው ሲወጣ ሰላም አላለውም።

ከዚያ ወደ እርሻው ሄዶ ለባለ እርሻው ነገረው። ባለ እርሻው "አባቴ ቢኖር ምን ይልህ ነበር?" አለው። የከረጢቶቹን ስፌት ለልብስ ሰፊው እመልሳለሁ አላለም፤ ካቦውም ሳይጠይቀው ወጣ።

ማታ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ መጋዘኑ ጥላ ሥር ቆሞ ለመሰላል ደወለ። ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ፎርሙ፣ በግርጌ አንብቦ ስላለፈው መስመር።

"እና መንግሥት ያልከኝ?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

 ከስልኩ ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ሲያልፍ፣ ውኃ ሲቀዳ ተሰማ።

"እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ 'ካቦዬ ቢችል አይተወኝም' እያልኩ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ሳላፍር።"

"ይቅር በይኝ እህቴ።"

"ፈቃዱ ከመጣ እመጣለሁ። ጣሪያ እፈልጋለሁ። በአንተ ሥር ግን አልሠራም፤ ሌላ ካቦ ፈልግልኝ።"

"እሺ" አላት፤ እምቢ የሚልበት ፊት አልነበረውም።

ማስተካከያው አሥር ቀን ተለጥፎ ተነሳ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የአሥራ አራት ሰው ፈቃድ መጣ፤ የእሷ ስም ስድስተኛ ነው። አውቶቡሱ ሰኞ ጠዋት ይደርሳል። በእርሻው ላይ ያለው ካቦ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ራሱ።