አስካለን ሁለተኛ ያስደረግሁበት ምርጫ

ይህን ለባሌ ነግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የሻርኩትን ጾም እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ አንደበቴ ይያዛል። ምን ሰረቅሁ? ማንን መታሁ? ለሰዎች አንድ ቁጥር ነገርኩ እንጂ ምን አደረግሁ? እንዲህ እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ኖርኩ። አሁን ለእናንተ ለማታውቁኝ ልናገረው። ፊታችሁን ስለማላይ ይቀለኝ ይሆናል።

ያኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ፣ ብዙ ሐበሻ ባለበት ትልቅ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። ትልቋ ልጄ ሚድል ስኩል የገባችበት ዓመት ነው። ሕንፃው በተከራዮች የሚመረጥ አምስት ወንበር ያለው ምክር ቤት ነበረው። ስለ ማሞቂያው፣ ስለ አሳንሰሩ፣ ስለ ኪራይ ጭማሪው ከሕንፃው አስተዳደር፣ ከኦፊሱ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። በፊት ብዙ ድምፅ ያገኙ አምስት ሰዎች ያልፉ ስለነበር፣ በቁጥር የሚበልጡን ስፓኒሽ ተናጋሪዎች አምስቱንም ወንበር ይወስዱት ነበር። በዚያ ዓመት አሠራሩ ተለወጠ። እያንዳንዱ ወገን እንደ ብዛቱ ወንበር እንዲያገኝ፣ ስሞቹን እንደ ፍላጎታችን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን በቁጥር እንድናስቀምጥ ተባለ።

ከሐበሻው ሁለት ሰው ቀረበ። አንዱ ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ሁላችንም የምናከብራቸው ሽማግሌ። ሌላዋ አስካለ ናት፤ ጎረቤቴ፣ ልጆቻችን አብረው የሚጫወቱ። የእኛ ድምፅ አንድ ወንበር እንጂ ሁለት እንደማይሞላ ሁሉም ያውቅ ነበር።

የአስካለ ቤት ምድር ቤቱ ላይ ነው። ከልጇ ከሊዲያ አልጋ ጀርባ ግድግዳው ሻጋታ ይዞ ነበር። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። ስትተኛ ደረቷ ሲያፏጭ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አስካለ ለኦፊሱ ደጋግማ ተናግራ ቀለም ቀቡላት። በስብሰባው ቀን ቆማ፣ «ቀለም ቀቡልኝ። ልጄ ግን ቀለም አይደለም የምትተነፍሰው» አለች። «ከመረጣችሁኝ በመጀመሪያው ሳምንት የከተማውን የቤት ኢንስፔክተር አስጠርቼ ቤት ለቤት፣ ከላይ እስከ ታች አስፈትሻለሁ።»

ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ልቤ ግን እንዳትመረጥ ይመኝ ነበር።

ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ማመካኛ አድርጋችሁ እንዳትወስዱልኝ ግን። ወንድሜ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በዲቪ መጥቶ እኔ ጋ ነበር። የኪራይ ውሉ ላይ የተጻፍነው አራት፣ በሁለት መኝታ ቤት የምናድረው ስምንት። ኢንስፔክተሩ ገብቶ ፍራሾቹን ቢያይ ያስወጡናል ብዬ ፈራሁ። እኔ ከድሮም ፈሪ ነኝ። የማይገባኝ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ልጄን ሦስት ጊዜ የማስነብብ ሴት ነኝ።

አስካለን ምን እናድርግ ብዬ መጠየቅ አልችልም ነበር? ወንድሜን ታውቀዋለች፤ ሲመጣ ብርድ ልብስ ያመጣችልን እሷ ናት። አልጠየቅኋትም። ሌላ መንገድ መረጥሁ።

በስብሰባው ላይ አቆጣጠሩን ሲያስረዱ ልጄ ታስተረጉምልኝ ነበር። አልገባኝ ሲል ተበሳጨችና፣ «ማሚ፣ ሊስን! ‹አንድ› ያነሰው ሰው ቀድሞ ይወጣል። ከዛ የሱ ወረቀት ሁለት ወደተባለው ሰው ይሄዳል» አለችኝ።

«ሁለት ብዙ ያለውስ?»

«አንድ ከሌለው ሁለቱ አይጠቅመውም፣ ኢት ዳዝንት ማተር። ቀድሞ ወጣ፣ ኦቨር!»

ያን ጊዜ ገባኝ። በደንብ ገባኝ። ሳይገባኝ አደረግሁት ማለት አልችልም።

ወረቀቱ በየበሩ ሲታደል፣ እንግሊዝኛ የማያነቡት አዛውንት እንደ ልማዳቸው እኔን ጠበቁ። ደብዳቤያቸውን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። የእኔ አምስተኛ ክፍል እነሱ ዘንድ ትልቅ ትምህርት ነው። ቅዳሜ ጠዋት እስክሪብቶ ይዤ አሥራ አንድ በር አንኳኳሁ።

የመጀመሪያዋ እማማ ጥሩነሽ ነበሩ። ወረቀቱን ዘርግቼ ስሞቹን አነበብኩላቸውና ማንን ልጻፍ አልኳቸው።

«ጋሽ ወልዴ እያሉ፣ እማማ? እሳቸውን አንድ እንበላቸው» አልኩ።

«ወልዴማ ስብሰባ ላይ ያንቀላፋል። ለማንቀላፋትማ እኔስ መች አነስኩ? እኔን ምረጡኛ!» ብለው ሳቁ።

«ቢያንቀላፉም ታላቅ ናቸው። በእሳቸው ላይ ልጅ እግሯን ማስቀደም ነውር ነው። አስካለን ሁለት ይበሏት፤ አንድም ሁለትም ያው ነው፣ ሁለቱም ይቆጠራል።»

«ክብሩን ለሱ፣ ሥራውን ለሷ ማለትሽ ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

«እንግዲህ አንቺ ትምህርቱ አለሽ። ጻፊው፣ የኔ ልጅ።»

ጻፍኩት። ከዚያ በቀጣዩ በር ደገምኩት። ሁለት ይበሏት አልኩ። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም ሁለት ይበሏት አልኩ። ማንም አልተጠራጠረኝም። እኛ ዘንድ ታላቅን ማስቀደም ደግነት ነውና፣ ክፋቴን በደግነታቸው ውስጥ ሸሸግሁት። በገዛ እጃቸው ጽፈውት ቢሆን አይጸጽተኝም ነበር ልበል? አይ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለአሥራ አንድ ሰው፣ አሥራ አንድ ጊዜ።

ቤቴ ገብቼ የራሴን ወረቀት ስሞላ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? አስካለን አንድ አልኳት። ብትጠይቀኝ እንድምል ነው።

ሲቆጠር አስካለ ከሁሉ ቀድማ ወደቀች። የእሷ ወረቀቶች ወደ ጋሽ ወልዴ ሄዱና እሳቸው አለፉ። ሰዉ እልል አለ፤ ወንበር አገኘን ብሎ። አዛውንቱ ግራ ተጋብተው እርስ በርስ ሲተያዩ እኔ ኮቴን ፈልጌ ቶሎ ወጣሁ። አስካለ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ።

«ሰው እንዲህ ይጠላኛል እንዴ?» አለችኝ። «እውነቱን ንገሪኝ፤ አንቺስ?»

«በልጆቼ፣ አንድ ብዬሻለሁ።»

አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ። እንባዬም የእውነት ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

ኢንስፔክተር የጠራ አልነበረም። ጋሽ ወልዴ ኦፊሱን ማስቀየም አልወደዱም። ሊዲያ በዚያ ክረምት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኛች። እኔ በሁለቱም ጊዜ ሾርባ ይዤ ሄጃለሁ። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ተደርጎላት ስታየኝ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔ ቤት ስምንታችንም ሙቅ አልጋችን ላይ ተኝተናል። ወንድሜ በጸደይ አናንዴል ቤት ተከራይቶ ወጣ። ለጥቂት ወር ብዬ ነው የአንዲት ሕፃን ትንፋሽ የሸጥሁት።

አስካለም በጋውን እዚያው አቅራቢያ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ተዛወረች። ከዓመታት በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። ሊዲያ ቁመቷ እናቷን አልፎ ነበር፤ የምትስበው መድኃኒት ግን አሁንም ከቦርሳዋ አይጠፋም። ስንጫወት የልጆቹ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ግቢ ብለው እንደለመኗት ነገረችኝ።

«ታዲያ ግቢያ!» አልኳት።

«ተይኝ እባክሽ። እኔን ሰው አይፈልገኝም፤ አንዴ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ያኔ እንኳ አንቺ ባትኖሪልኝ...» ብላ እጄን ያዘችኝ።

ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ከዚያ፣ «መንገድ ሳይዘጋጋ ልሂድ» አልኳት። ሁለተኛ በደሌ ይህ ነው፤ ምናልባት ከመጀመሪያው ይከፋል። ያኔ የሚያስወጣኝ ኢንስፔክተር አልነበረም። ምን ፈርቼ ነው? ወዳጇ መባሉ እንዳይቀርብኝ ነው እንጂ።

ይህን የጻፍኩትን ለአንቺም እልክልሻለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም፣ አስካለ። ይቅርታሽን ብጠይቅ አሁንም ለራሴ አንድ ነገር ልቀበልሽ መምጣቴ ነው። እኔ የወሰድኩብሽን ልመልስልሽ ነው የምጽፈው። ይህን ወረቀት ለሊዲያ ስጪያት፣ ጮክ ብላ ታንብብልሽ። ያን ቅዳሜ አሥራ አንድ በር አንኳኩቻለሁ። ገና ማንን ልጻፍ ብዬ ስጠይቅ፣ አሥራ አንዱም በመጀመሪያ የጠሩት ያንቺን ስም ነበር።