መሬት ላይ የተቀመጠው ካሜራ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ፣ የሠርጉ ወቅት ጋብ ሲል ነው። የምሠራው ቆቦ ባለች አንዲት ፎቶና ቪዲዮ ቤት ነው፤ የሠርግ ፊልም አቀናብራለሁ። ብዙ ሠርግ በእጄ አልፏል፤ የአብዛኞቹን ሙሽሮች ስም እንኳ ረስቻለሁ። ያንን ቀን ግን ኮምፒውተሩን በከፈትሁ ቁጥር አስበዋለሁ።

ትምህርት ቤት የገባሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው። ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበውን አይዘልም፤ የካሜራውን መመሪያ መዝገበ ቃላት ይዤ ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብቤዋለሁ። ካሜራማናችን ሰይድ በዚህ ይስቅብኛል። ሌላም የሚስቅበት አለው። ቤተሰቡ ያለቀውን ፊልም ተረክቦ ሳያይ የተቀረጸበት ሚሞሪ ካርድ ላይ ያለው እንዲሰረዝ አልፈቅድም።

«እትዬ፣ ካርድ የዘር ማሽላ ነው እንዴ እንዲህ የምትሸሽጊው?» ይለኛል።

የዚያን ቀን አንዲት ወጣት ከአክስቷ ጋር ገባች። ከድጃ ትባላለች። ጥር ላይ ሮቢት አካባቢ ሠርጓን ሰይድ ቀርጾላት ነበር፤ ፊልሙን ገና እያቀናበርሁት ነው። አባቷ ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አርፈዋል።

«ፊልሙ ይቆይ፣ አልቸኮልሁም» አለችኝ። «አባቴ ሲመርቁኝ ያሉትን ብቻ ስጡኝ። ተሸፍኜ እያለቀስሁ ነበር፤ አንድ ቃል አልሰማሁም።»

ክው አልሁ። የዚያን ሠርግ ምስል አንድ በአንድ አይቼዋለሁ። ምርቃቱ የለበትም።

ሰይድን ጠራሁት። አንገቱን ደፋ። «ወላሂ፣ አባቷ እጃቸውን ሲዘረጉ ሰዉ ሁሉ ዘረጋ። እኔ ካሜራ ታቅፌ ልቁም? መሬት አስቀመጥሁና እጄን ዘረጋሁ።»

«ስልክ የያዘ ሰውስ አልነበረም?» አልሁ ወደ አክስቷ ዞሬ።

«አይ እህቴ! ለዱዓ ሁለት እጅ ከተነሳ ስልኩ በምን ይያዛል፣ በጥርስ?» አሉኝ። ከድጃ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ዐይኗ እንባ ሞላ።

«ካሜራውን ስታስቀምጠው አጥፍተኸዋል?» አልሁት ሰይድን።

«እንጃ። ሳነሳው ባትሪው ሞቶ ነበር። ካርዱም ሊሞላ ስለነበር ሁለቱንም ቀየርኋቸው።»

ይህን ስሰማ ከወንበሬ ተነሳሁ። መቅረጽ ስናቆም ካሜራው የቀረጸውን ፋይል ራሱ ይዘጋዋል። ባትሪው በመሃል ካለቀ ግን ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ያልተዘጋውን ደግሞ ኮምፒውተሩ አያሳየንም። የሌለ ይመስላል እንጂ፣ ሌላ ነገር ካልተቀረጸበት ካርዱ ውስጥ ተኝቷል።

ካርዱን ከመሳቢያዬ አወጣሁት። መጀመሪያ ባዶ የሚመስለው ክፍል ሳይቀር እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ ገለበጥሁት። ከዚያ እዚያው የተቀረጸበት ካሜራ ውስጥ መለስሁት። መመሪያው እንደሚለው ካሜራው ያልተዘጋ ነገር እንዳገኘ ገልጾ ልጠግነው ወይ ሲል ጠየቀ።

«ቢያጠፋውስ?» አለ ሰይድ በሹክሹክታ።

«ቅጂ አለን» አልሁትና «እሺ» የሚለውን ተጫንሁ።

ቆየ። በመጨረሻ ከነበሩት ምስሎች ኋላ አንድ አዲስ ምስል ብቅ አለ፤ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ ከፈትሁት።

ሰው የለበትም። የሚታየው ድብዝዝ ያለ ቡናማ ነገር ብቻ ነው። ከድጃ ፊቷን አዞረች። ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ውለጂ፣ ክበጂ። ማሽላሽ ላይ ወፍ አይቅደምሽ። የዞብል ተራራ ጎርፍ ማሳሽን ሳያጠጣ አይለፍ...»

«አሚን!» አለ ሕዝቡ።

በዚህ መሃል ካሜራው፣ ማንም ሳይነካው፣ ምስሉን ራሱ አጠራው። ያ ቡናማ ነገር የቤቱ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ኖሮ የተዘረጉት እጆች ሁሉ ጥላቸው ግድግዳው ላይ አርፏል። «አሚን» በተባለ ቁጥር ግድግዳው ላይ ያለው የእጅ ጫካ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። አንዱ ጥላ ግን ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል።

ከድጃ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «እሳቸው ናቸው» አለች። «እጃቸው እንዲህ ነበር። ውሃ ሲጠጡ ይፈስባቸው ነበር።»

አክስቷ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሰይድም ዘረጋ። የእኔም እጅ ማውዙን ለቆ ተነስቷል፤ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። እነሱ አሚን፣ እኔ አሜን እያልን፣ በጠራራ ፀሐይ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ በሞቱ ሰው ተመረቅን።

«ልጄ፣ የሄድሽበት...» ሲሉ ምስሉ ጠፋ። ባትሪው ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

ውጭ ያለው የባጃጅ ጩኸት እንኳ የራቀ መሰለኝ። ከድጃ እጇን እንደዘረጋች ጥቁሩን ስክሪን ታይ ነበር። ያላለቀውን ምርቃት «አሚን» አለችው፤ ፊቷንም በመዳፏ አበሰች።

ፊልሙን ስጨርስ ሰይድ «ግድግዳ ብቻ ከሚታይ የሙሽራዋን ፎቶ እናልብሰው» አለኝ። እምቢ አልሁ። ሙዚቃ አላስገባሁበትም፤ ቀለሙንም አልነካሁም። ድምፁ የተቆረጠበትን ቦታ እንዳለ ተውሁት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጥቁር ብቻ ትንሽ አቆየሁት፣ የሚያየው ሰው አሚን የሚልበት ጊዜ እንዲያገኝ።

አሁንም ሳስበው ይደንቀኛል። ያንን ምስል ማንም አልቀረጸውም፤ የሚቀርጸው ሰው እጁን ዘርግቶ ነበር። ሰይድ ዛሬም ምርቃት ሲጀመር ካሜራውን መሬት ያስቀምጣል። ቀድሞ ቢሆን እቆጣው ነበር። አሁን ግን ወደ ሠርግ ሲወጣ በር ላይ አስቆመውና «ባትሪህ ሙሉ ነው?» ብቻ እለዋለሁ።