የእትዬ ጉንቮር ነጭ ካልሲ

እትዬ ጉንቮር አርባ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የስዊድንን የበረዶ ክረምት እንደኛ እንደ ጎረቤቶቻቸው በተጎታች ቤቶች ካምፕ ውስጥ፣ በመኪና በምትጎተት ቤታቸው ያሳልፋሉ። ማሞቂያው የሚያፈስበት ሰው ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነው።

እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። ከማሞቂያዬ ወጥቶ ወለል ለወለል በቱቦ የሚዞረው ሮዝ ፈሳሽ በየቀኑ ሲጎድል፣ ሦስት ቀን ሙሉ አልጋውን አፈራረስኩ፣ ቱቦውን ሁሉ በባትሪ መረመርኩ፣ ተሳደብኩ። ምንም የለም! በአራተኛው ቀን ብርዱ አሸነፈኝና ጠራኋቸው።

በሩ ላይ ቦት ጫማቸውን አወለቁ።

«ኧረ እንደተጫሙ ይግቡ እትዬ፣ ወለሉ ረጥቧል፤ ካልሲዎ ይበላሻል» አልኳቸው።

«ማን አረጠበው?»

ቦቴን አየሁት፤ በረዶው እላዩ ላይ እየቀለጠ ነው። እዚህ ስዊድን ሕፃን እንኳ በጫማው ቤት አይገባም፤ እኔ ግን ጥገና ላይ ነኝ ብዬ ሦስት ቀን በቦት ስመላለስ ከርሜያለሁ።

ጫማዬን አስወለቁኝ። ወለሉን አስወለወሉኝ። ከዚያ በነጭ ካልሲያቸው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው በቀስታ ተራመዱ። ቁም ሳጥኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙና እግራቸውን አነሱ። ተረከዛቸው ላይ ምስር የምታክል ሮዝ ነጠብጣብ!

«እዚህ ስር የቱቦው ማሰሪያ ላልቷል። ካቻቢቴ አምጣ።»

እውነትም ላልቶ ነበር። አጥብቄው ቀና ስል፣ እትዬ ጉንቮር ካልሲያቸውን አውልቀው እጄ ላይ አኖሩት።

«አርባ ዓመት አጥቤያለሁ፤ ይቺን አንተ እጠባት።»